በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ አታስጨንቋት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ተወልጄ ያደግሁት ከዚራ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአየር ማረፊያ ላውንጅ፣ ማለትም ልዩ ካርድ ወይም ቲኬት ያላቸው መንገደኞች የሚያርፉበት ክፍል፣ በር ላይ ቆሜ እንግዳ ስቀበል ኖርኩ። ባለፈው ስለ ጉዞ ትንሽ ጽፌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ መቆያ አዳራሽና ስለ ላውንጅ ነውና ዛሬ ለእነሱ ብቻ እመልሳለሁ።

«እትዬ፣ ልጄ የሚኖረው ካናዳ ነው። ለእህቱ ሠርግ እኔን፣ እህቴንና የእህቴን ልጅ ይዞን ሲሄድ አውሮፕላን የምንቀይርበት ከተማ ላይ ብዙ ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። ‹ጎልድ ካርድ አለኝ፣ ላውንጅ ገብተን እናርፋለን› ብሎን ሄድን። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ግን ‹ከእርስዎ ጋር አንድ ሰው ብቻ› አለችው። ጮኸባት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። በመጨረሻ እኔና እሱ ገባን፣ እህቴና ልጇ ውጭ ቀሩ። እህቴ ካናዳ እስክንደርስ አላናገረችኝም፤ እስከ ዛሬም ቅር እንዳላት ነው። ጥፋቱ የማን ነው?» — ከሐረር፣ ሸዋ በር

እህቴ፣ ልጅዎ ሁላችሁም እንድታርፉ ፈልጎ ነው የተናደደው፤ ይህን አይጠራጠሩ። ግን ቁጣውን ያወረደው ምንም ማድረግ በማትችል ልጅ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው፤ ሸባማይልስ የሚባለውን፣ አየር መንገዱ አዘውትረው ለሚበሩ ደንበኞቹ የሚሰጠውን ጎልድ ካርድ የያዘ ሰው በስታር አሊያንስ በረራ ሲጓዝ ራሱንና አንድ እንግዳ ይዞ ላውንጅ ይገባል። እንግዳው ደግሞ ሸኚ አይሆንም፤ እሱም በአባል አየር መንገድ በረራ የሚሳፈር መሆን አለበት። የሌሎች አየር መንገዶች ካርድም የየራሱ ቁጥር አለው። በሩ ላይ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ማሽን ላይ ሲደረግ ማን እንደገባ፣ ከስንት ሰው ጋር እንደገባ ይመዘገባል። ላውንጁ የሌላ ድርጅት ከሆነ አየር መንገዱ ለገባው ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ ይከፍላል። ስለዚህ ያቺ ልጅ «እሺ ይግቡ» ብትል የሌላ ሰው ሒሳብ ላይ መፍረዷ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ብያለሁ። ሌሊት ነበር፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ። አንድ ሰው ከአራት ቤተሰቦቹ ጋር መጣ፤ ካርዱ የሚያስገባው ሁለት ሰው ነው። ስነግረው እናቱን በትከሻቸው ይዞ ወደ ፊት አቀረባቸውና «በይ አንቺው ንገሪያቸው፣ ውጪ ቁሙ በያቸው» አለኝ። እናትየው ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ወለሉን ያያሉ። የእሳቸውን ፊት አይቼ እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ሁሉንም አስገባኋቸው። ጠዋት የፈረቃው ሒሳብ ሲታይ ሦስት ሰው ትርፍ ተገኘ፣ ከደሞዜ ተቆረጠ። እሱን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት እናትየው ሲወጡ እጄን ይዘው «ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ነገር እንዳይመጣብሽ» ያሉኝን ነው። ገብተው የተቀመጡት ወንበር ጫፍ ላይ ነበር፤ ሻይ ሲቀርብላቸው እንኳ አልጠጡም። ልጃቸው ለእናቱ ክብር ብሎ ያደረገው ነገር ከሁላችንም ይልቅ ያሳቀቀው እናቱን ነው።

ስለዚህ የካርዱ ባለቤት ማወቅ ያለበትን ከቤት ሳይወጣ ይወቅ። «ካርዴ አንድ ሰው ነው የሚያስገባልኝ» ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ሰው በሩ ላይ ማንንም አያሳፍርም። በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፦ «ለቀሩት ከፍለን መግባት እንችላለን?» አንዳንዱ ላውንጅ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም። «አይቻልም» ከተባለ አመስግኖ ከመስመሩ ወጣ ማለትና የሚሆነውን እርስ በርስ መነጋገር ነው። ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ልጅቷን ማስጨነቅ ነው፤ ሦስተኛው ጭቅጭቅ ነው። «አለቃሽን ጥሪ» ማለትም መልሱን አይለውጠውም፤ ለእሷ ግን ሌላ ጭንቀት ይጨምርባታል።

ገብታችሁ ሁለቱን ውጭ መተዋችሁን ከጠየቁኝ፣ እኔ ብሆን አራታችንም ውጭ እንቀመጥ ነበር። የታመመ ወይም መቆም የማይችል ሰው ቢኖር ሌላ ነው፤ እሱን ይዞ መግባት ነው፣ የቀሩትም «ግቡ፣ እኛ እዚህ ነን» ይላሉ። ደህና እህትን ግን በመስታወት በር ወዲያ ትቶ ቡና ሲጠጡ መቀመጥ በእኛ አገር ይከብዳል። እርስዎም እንደከበደዎ ደብዳቤዎ ይናገራል።

ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ልጅዎ ነው። ለአክስቱ ይደውልላትና «ሳላጣራ ወስጄ ሰው ፊት አሳፈርኩሽ» ይበላት። እርስዎ በእሱ ፋንታ ከተናገሩ እህትዎ አሁንም እሱን የሚጠብቁለት ይመስላታል።

«እናቴ ላውንጅ ውስጥ ከቡፌው ሁለት ዳቦና ሙዝ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። ምንም አላልኩም። መናገር ነበረብኝ?» — ከሳቢያን

ልጄ፣ ሰው ፊት አለመናገርህ ጥሩ ነው። የእኛ እናት ከድግስ ስትመለስ ልጆቿ እጅ እጇን ያያሉ፤ ባዶ እጇን መግባት ያሳፍራታል። እናትህም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ላውንጅ ውስጥ የሚቀርበው ምግብ ግን እዚያው እንዲበላ ነው፤ ይዞ መውጣት አይፈቀድም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠቀልል ካየህ ሳህን ይዘህ አጠገቧ ቁጭ በልና «እማዬ፣ እዚሁ አብረን እንብላው» በላት፤ ከዚያ በላይ ቃል አያስፈልግም። ለትንሽ ሕፃን አንድ ሙዝ ካስፈለገ ሠራተኛዋን መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ «ውሰዱለት» ትላለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውስትራሊያ ከሆነ ጉዞው፣ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ አንድ ሙዝ መግቢያው ላይ ካልተናገሩት ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለእናትህ ብትነግራት ከሥርዓቱ ይልቅ ይህ ቶሎ ይገባታል።

ሳህን ላይ ቆልሎ ግማሹን ትቶ መነሳትን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ስንት ሌሊት አይቼዋለሁ። ትንሽ አንሱ፣ ካልበቃችሁ ድገሙ። ሁለቴ መነሳት ነውር የለውም።

«ድሬ ኤርፖርት አውሮፕላን ስጠብቅ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ጅቡቲ ካለ ወንድሙ ጋር ላውድ ላይ አድርጎ በቪዲዮ ግማሽ ሰዓት አወራ። ማን ምን ያህል እንደሚበደረው ሳይቀር ሰማሁ። ምን ማለት ነበረብኝ?» — ከመጋላ

እኛ ድሬዎች ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አላደግንም። አማርኛውን ጀምረን በኦሮምኛ ቀጥለን በሶማሊኛ እንጨርሳለን፤ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ከሦስቱ አንዱን የማይሰማ የለም። ስለዚህ «አይገባቸውም» ብሎ ማውራት ድሬ ላይ አይሠራም።

ሰውየውን «ረበሽከን» ብትለው ይጣላሃል። ጠጋ ብለህ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፣ የቤትህን ጉዳይ ሁላችንም እየሰማንህ ነው» በለው። እኔ ሥራ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምለው፤ ለራሱ ብለህ እንደነገርከው ሲገባው ሰውየው ደንገጥ ይልና ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርገዋል፣ ወይም ተነስቶ ወደ ጥግ ይሄዳል። ለሕፃናት ካርቱን የምትከፍቱ ወላጆችም እንዲሁ፤ ማዳመጫ ከሌለ ድምፁን አጥፉት። ልጁ ሥዕሉን ማየቱ ይበቃዋል።

ላውንጅ ውስጥ ጸጥታው ሌላ ምክንያትም አለው። በብዙ ላውንጆች የበረራ ጥሪ አይነገርም፤ ሰዓቱን ሰሌዳው ላይ አይቶ መነሳት የተሳፋሪው ፋንታ ነው። ገብተው ሶፋው ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸው አንድ ሰው አውሮፕላናቸው ከሄደ በኋላ ተነስተው «ለምን አልጠራችሁኝም?» ብለው ያለቀሱበት ቀን አይረሳኝም። ስትገቡ «ጥሪ አለ ወይስ የለም?» ብላችሁ ጠይቁ። ማረፍ ካሰባችሁ የስልካችሁን ማንቂያ ሙሉ። እሱ ሲደውል ደግሞ ቶሎ አጥፉት፤ ሌላውም ተኝቷል።

«የሶላት ሰዓት ሲደርስ ዉዱእ ለማድረግ እግሬን እጅ መታጠቢያው ላይ ሳነሳ ሰው ይገላምጠኛል። ደግሞ ስሰግድ በፊቴ ሻንጣ እየጎተቱ ያልፋሉ። እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ናቸው ሥርዓት ያጡት?» — ከሐረር፣ ጁገል

ወንድሜ፣ ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን እናት ሲሰግዱ በፊታቸው ሮጬ ባለፍኩ ጊዜ የቆነጠጠችኝ እናቴ ነበረች፤ እኛ ደግሞ ክርስቲያኖች ነን። ስለዚህ ሁለተኛውን አስቀድሜ ልመልስ፦ ሰው ሲሰግድ በፊቱ አይታለፍም፤ በኋላው ይዞራል። ድሬና ሐረር ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ የማያውቅ ተጓዥ ሲያልፍ ካያችሁ በእጃችሁ በኋላ በኩል ምሩት።

ዉዱእን በተመለከተ፣ ትልልቅ አየር ማረፊያዎች የጸሎት ክፍል አላቸው፤ ብዙዎቹም እግር መታጠቢያ አዘጋጅተዋል። እንደደረሱ የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሰዓቱ እስኪደርስ አይጠብቁ። እግር መታጠቢያ በሌለበት የሚረዳዎ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። በዓለም አቀፍ በረራ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ውሃ ይዞ ፍተሻ ማለፍ ብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ ባዶ ጠርሙስ ግን ያልፋል። ውስጥ ይሙሉትና መጸዳጃው ክፍል ውስጥ እግርዎን ይታጠቡ። ሲጨርሱ ወለሉን በሶፍት ያድርቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚገላምጠው እርጥቡን ወለል ነው፤ ከኋላዎ የሚገቡት ሽማግሌ ሊንሸራተቱበት ይችላሉ።

«ጫት ይዞ መቆያ አዳራሽ መቀመጥ ነውር ነው?» — ከአሸዋ

አዳራሽ ውስጥ አይቃምም። ገራባው ወንበር ሥር ይቀራል፣ የሚጠርገው ሌላ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ኪስዎን ይፈትሹ። እኛ ዘንድ የተፈቀደው ጫት ሳውዲ አረቢያ ክልክል ነው፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። ጃኬት ኪስ ውስጥ የተረሳ ጥቂት ቅጠል ሰውን ከባድ ችግር ውስጥ ይከታል።

«አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሟል፤ አንዲት ሴት ግን ሁለት ወንበር ላይ ሻንጣና ፌስታል ደርድራ ተቀምጣለች። አንስቼ መቀመጥ እችላለሁ?» — ከከዚራ

የከዚራ ሰው ይህን ሲጠይቀኝ አባቴን አስታወሰኝ። ይህች ከተማ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሲደርስ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ መጓጓዣ መጠበቅን እዚህ የተማረው ከአውሮፕላን በፊት ነው። አባቴ ጣቢያው ውስጥ ሰው ቆሞ ዕቃ ተቀምጦ ሲያይ ዕቃውን አንስቶ መሬት ያደርግና ለቆመው ሰው «ይቀመጡ» ይል ነበር። ለባለዕቃው ምንም አይናገርም፣ አያየውምም። ባለዕቃውም ምንም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ግን የሰው ሻንጣ አይነካም። ለጥበቃው ሲባል ነው፤ ባለቤት የሌለው ሻንጣ ካዩም ለሠራተኛ ይናገራሉ እንጂ አያንቀሳቅሱትም። ባለቤቷ አጠገቡ ካለች «ሰው አለው?» ብለው ይጠይቁ። ድምፅዎ ውስጥ ቁጣ አይኑር፤ ምናልባት መጸዳጃ ለሄደ ባሏ ይዛለት ይሆናል። «የለውም» ብላ ዝም ካለች «እንግዲያው ልቀመጥ» ብለው ቆም ይበሉ፤ ራሷ ታነሳዋለች።

ሽማግሌ ወይም ነፍሰ ጡር ቆማ ካዩ ደግሞ ለራስዎ አይጠይቁ። «ለእሳቸው ቦታ ይኖራል?» ይበሉ። ለሌላ ሰው ሲጠየቅ ሻንጣውን የማያነሳ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።