መድኃኒቱን ስትሰጡ ስለ ሆድም ተናገሩ

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ብዙ ዓመታት ቆሜያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሙያውን ገና ለጀመራችሁት ሲሆን፣ አደራዬም አንድ ነው፤ ነርቮች መልእክት በሚለዋወጡበት ሴሮቶኒን በተባለው ኬሚካል ላይ የሚሠራ መድኃኒት ስትሰጡ በአንጀት ላይ የሚያደርገውን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ይህን ያስተማረችኝ ጣና ዳር ዓሣ የምትሸጥ እናት ናት። ለድባቴ የታዘዘላትን ፍሉኦክሰቲን ሰጥቼ፣ ፖስታው ላይ «ጠዋት 1» ብዬ ጽፌ ሸኘኋት። በአምስተኛው ቀን ተመልሳ ፖስታውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ የጎደለው አራት ካፕሱል ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ ለጭንቀት ብለው የሰጡኝ መድኃኒት ሆዴን በጠበጠው» አለችኝ፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓሣዋን ለጎረቤት እየተወች ስትመላለስ መዋሏን ነገረችኝ። እውነቷን ነበር። ይህ ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር፤ አልነገርኳትም።

በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ውስጥ ነው። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ያገኘውም ከጨጓራና ከአንጀት ሽፋን ነበር፤ ስሙንም ኢንተራሚን ብሎት ነበር። ምግብ ሲያልፍ የአንጀቱን ግድግዳ ሲገፋው፣ በሽፋኑ ላይ ተበታትነው ያሉ ኢንተሮክሮማፊን የሚባሉ ሕዋሳት ሴሮቶኒን ያወጣሉ፤ በአጠገባቸው ያሉት ነርቮችም ይነቃሉ። በጡንቻዎቹ መካከል ያለው የነርቭ መረብ ምግቡን ወደ ፊት ሲያስገፋ፣ ከሽፋኑ ሥር ያለው ደግሞ የሽፋኑ ሕዋሳት ክሎራይድ ወደ አንጀቱ ውስጥ እንዲያፈሱ ያዛል፤ ሶዲየምና ውኃም ተከትለው ይወጣሉ። ሥራውን የጨረሰውን ሴሮቶኒን መልሶ የሚሰበስብ ፕሮቲን አለ፤ ፍሉኦክሰቲንና የዚሁ ወገን የሆነው ሰርትራሊን የሚዘጉት ይህንኑ ነው፣ በአንጎልም በአንጀትም። ሴሮቶኒኑ ሳይሰበሰብ ስለሚቆይ ማቅለሽለሹና ተቅማጡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲመጣ፣ የመንፈስ መረጋጋቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ታካሚው ጉዳቱን ከጥቅሙ በፊት ስለሚያይ፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው በዚህ መካከል ነው።

ያቺ ዓሣ ሻጭ እናት፣ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን፣ መድኃኒቱን ከቁርስ ጋር መውሰድ ጀመረች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ ረጋ።

በተቃራኒው የሚሠሩም አሉ። ማስታወክን ለማስቆም የምንሰጠው ኦንዳንሴትሮን ከሴሮቶኒን ተቀባዮች አንዱን ስለሚዘጋ አንጀትን ያዘገያል፤ የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው ይህን ሳትነግሩ አትስጡ። አሎሴትሮን የተባለው የዚሁ ወገን መድኃኒት ለሆድ ሕመም በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ፣ ከባድ ድርቀትና ወደ አንጀት የሚሄደው ደም በማነሱ የሚመጣ የአንጀት ጉዳት ስለታየበት በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ፤ በ2002 የተመለሰው በጥብቅ ገደብ ነው። እነዚህን ነርቮች አቅልሎ ማየት እንደማይገባ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን መደራረቡን ነው። ፍሉኦክሰቲን የሚወስድ ሰው ለወገቡ ሕመም ከሌላ ቦታ ትራማዶል ይዞ ይሆናል፤ ሁለቱም ሴሮቶኒንን ከፍ ያደርጋሉና በፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ በትሕትና ጠይቁ። ተቅማጡ ከመንቀጥቀጥ፣ ከላብ፣ ከትኩሳትና ከመቅበጥበጥ ጋር ከመጣ «ይለምድሃል» አትበሉት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ላኩት።