«ሲስተር፣ ምን ላጠጣው?»

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የሰፈራችን ልጅ በሬን አንኳኳች። ኦርኪድ አበባዋን በፌስታል ይዛለች። ቅጠሎቹ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ደህና አደሩ እንኳን ሳትለኝ «ሲስተር፣ ምን ላጠጣው?» አለች።

እኔ ሰላሳ አራት ዓመት ነርስ ነበርኩ። አብዛኛውን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጥቂቱን ቆላ ወርጄ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ይቺን ጥያቄ ከስንት አስታማሚ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። «ምን ላብላው? ምን ላጠጣው?» ሕመሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ትንሽ ነው። ልጅቷን አስቀምጬ ሻይ ቀዳሁላት። ከዚያ ጣቴን ወደ ተከለችበት ዕቃ ብሰድ ውስጡ ጭቃ ነው። ጠምቶት መስሏት በየቀኑ ስታጠጣው ከርማለች።

አልተቆጣኋትም። እኔም የራሴን እንደዚሁ ልገድለው ነበርና።

ጡረታ ስወጣ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ነጭ ኦርኪድ አምጥታልኝ ነበር። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶቼ ፕላስቲክ መስሏቸው በጥፍራቸው ይሞክሩት ነበር። አበባው ሦስት ወር ያህል ቆየ። ነሐሴ ላይ አንድ በአንድ ረገፈ። እኔ ታመመ ብዬ ደነገጥኩ። አልታመመም፤ ጊዜውን ጨርሶ ማረፉ ነበር። ኦርኪድ አበባው ሲረግፍ አይሞትም፣ በዓመቱ ተመልሶ ያብባል። ይህን ግን ማን ነገረኝ? ምግብ አነሰው ብዬ ከነበረበት አወጣሁትና በጥቁር አፈር ተከልኩት። የበግ በጠጥም ጨመርኩበት። ጎመኔን እንደዚያ ያፋፋ ነገር አበባ ይጎዳል ብዬ መች አስቤ! በየማለዳው አንድ ኩባያ ውሃ። በወሩ ቅጠሉ ተጨማደደ። ሁለት ኩባያ አደረግሁት።

የዳነው በድመቷ ነው። ከመስኮቱ ላይ ገፍታ ጣለችውና አፈሩ ተበተነ። ልጠርግ ጎንበስ ስል ሽታው መጣብኝ። ያቺን ሽታ አውቃታለሁ፤ ፋሻ ሲፈታ የምትመጣዋ ናት። ሥሩ በስብሷል።

በየቤቱ የምናያቸው ኦርኪዶች አብዛኞቹ ፋላኖፕሲስ የሚባሉት ናቸው። የዘር ሀገራቸው ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያን የመሰለ ሞቃት፣ እርጥብ ደን ነው። እዚያ መሬት ላይ አይበቅሉም፤ ዛፍ ላይ ተንጠላጥለው ነው የሚኖሩት። ዛፉን አይመጥጡትም፣ ተቀምጠውበት ብቻ ነው። ወደ ወፍ ዋሻ ደን የገባችሁ ካላችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ያረጁት ዛፎች ላይ የዛፍ ሽበቱ እንደ ጢም ተንዘርፎ፣ በቅርንጫፉ ላይ ሌላ ቅጠል ጎጆ ሠርቶ ይታያል። በሀገራችን እርጥብ ደኖችም ዛፍ ላይ የሚኖሩ የኦርኪድ ዘመዶች አሉ። (ይህን ሰምታችሁ ነቅላችሁ እንዳታመጡ። ቤት ገብቶ አይኖርላችሁም፣ ደኑም ይራቆታል።)

ስለዚህ ሥሩ አየር የለመደ ነው። ዙሪያውን እንደ ስፖንጅ ያለ ነጭ ሽፋን አለው። ዝናብ ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥቶ ይጠግባል፣ ከዚያ ነፋሱ ያደርቀዋል። አፈር ውስጥ ስትቀብሩት ይታፈናል። የታፈነ ሥር ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ አይጠጣም። ቅጠሉ በውሃ መሃል ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። ክፋቱ፣ ውሃ ያጣ ኦርኪድና ውሃ የበዛበት ኦርኪድ ከላይ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ይጨማደዳሉ።

ዎርድ ውስጥ ልቡ የደከመ ሰው ይተኛል። እግሩ አብጧል፣ ሰውነቱ ውሃ ተሸክሟል፣ እሱ ግን ጠማኝ ይላል። እናቱ አንጀቷ አይችልምና እኛ ዞር ስንል ታጠጣዋለች። ሌሊት ትንፋሹ ያጥርና እንሯሯጣለን። ያቺን እናት ክፉ ነሽ አትሏትም። ከማንም በላይ የምትወደው እሷ ናት።

እና ልጆቼ፣ መጀመሪያ አውጥታችሁ እዩት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ለብ ባለ ውሃ ሥሩን እጠቡና አንድ በአንድ በጣታችሁ ጫን በሉት። ጠንከር ካለ በሕይወት አለ፤ ቀለሙ ቡናማ ቢሆንም እንኳ አትቁረጡት። ላላ ብሎ ልጡ ከተገፈፈና ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ ሞቷል፣ ቁረጡት። መቀሱን በእሳት ወይም በአልኮል አጽዱት። የኔን ስቆጥር ከአሥራ አራት ሥር የቀረው ሁለት ተኩል ነበር። ግማሿን በማዘን ተውኳት፣ ኋላ ባለ ውለታዬ እሷ ሆነች። ከቆረጣችሁ በኋላ ቁስሉ እንዲደርቅ ሌሊቱን ሳትተክሉት ይደር። ቁስሉ ላይ ቀረፋ ነስንሱ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ቅጠል ላይ ለተቆረጠ ግድ የለም። ሥር ላይ ግን አትንኩት፣ ቀረፋ ያደርቃል። የተረፈችውን ሁለት ሥር በቀረፋ ማድረቅ ምን ይባላል?

መትከያው አፈር አይደለም። ወደ አውራ ጣት ጫፍ የሚጠጋ የዛፍ ቅርፊትና ትንሽ ከሰል ነው። እኔ ፓቱላ የሚባለውን የፓይን ዛፍ ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ ተጠቀምኩ። እዚህ አገር ባሕር ዛፍ ሞልቷል ብላችሁ የሱን ልጥ አትጠቀሙ፣ ለዚህ አይሆንም። ዕቃው ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆን ጥሩ ነው። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ቆርጬ ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። አያምርም። ግን ሥሩ ይታየኛል፣ ያ ነው የፈለግሁት። ሥሩ ብርማ ነጭ ሲሆን ጠምቶታል፣ አረንጓዴ ሲሆን ጠግቧል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ በሽተኛ አስታምሜ አላውቅም።

ሲጠማው ጠዋት ላይ ለብ ባለ ውሃ እስኪወርድ ድረስ አጠጡትና ይንጠፍጠፍ። ከዕቃው ታች የቆመ ውሃ አይኑር። ቅጠሎቹ በሚገናኙበት መሃል፣ ልቡ እንበለው፣ ውሃ ከገባ በሶፍት አድርቁት። ከዚያ በኩል ከበሰበሰ ቶሎ ያልቃል። እኔ ቤት በብርዱ ወራት በአሥር ቀን አንዴ ይበቃዋል። ቁጥሩን ግን አትያዙት፣ ሥሩን እዩ። የክረምት ጣሪያ ውሃ ካጠራቀማችሁ እሰየው። ማዳበሪያ ለታመመ አይሰጥም። አዲስ ሥር ካወጣ በኋላ፣ እሽጉ ላይ ከተጻፈው ሩቡን ያህል በጥብጣችሁ ስጡት።

ቅዳሜ የመጣችው ልጅ ስልኳን አውጥታ ቲክቶክ ላይ ያየችውን አሳየችኝ። የነጭ ሽንኩርት ውሃ፣ የሩዝ ውሃ፣ ስኳር በጥብጦ ማጠጣት። በነዚህ ሁሉ ሞክራዋለች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ! ስኳሩ ሻጋታ አብቅሎላታል። እኔ የምፈራው ሽንኩርቱን አይደለም። የምፈራው በአንዴ አምስት መድኃኒት የሚሰጠውን እጅ ነው። ቢሻለው በየትኛው እንደተሻለው አታውቁም፣ ቢብስበትም በየትኛው እንደባሰበት አታውቁም።

ስለ ብርዱ ደግሞ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ጥቅምት ሲገባ ውርጩ ይጀምራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። ይህ አበባ ከ15 ዲግሪ በታች አይመቸውም። ማታ መስታወት የነካ ቅጠሉ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ቀን ደግሞ የደጋ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፣ ስስ መጋረጃ ጋርዳችሁ። ማታ ከመስኮቱ አንስቼ በካርቶን እከልለውና አጠገቡ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አኖራለሁ። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ማሞቂያ ሳይኖረን ሲቀር እንዲሁ ነበር የምናደርገው። አበባ ላሙቅ ብላችሁ ግን ከሰል አቀጣጥላችሁ ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ይህን እንደ አበባ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ነርስ ነው የምነግራችሁ። በየዓመቱ በብርዱ ወራት በዚህ የመጣብንን በሽተኛ አይቻለሁ፣ ሳይደርስ የቀረውንም አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ካርቶኑም አልበቃውም። ስለዚህ ሪፈር ጻፍኩለት። ቆላው ሸዋ ሮቢት እህቴ አለች። ኅዳር መግቢያ ላይ ታፋዬ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ይዤው ወረድኩ። ጣርማ በር ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ ስናልፍ ጉሙ መስኮቱን ጋርዶት ነበር። ደብረ ሲና ስንደርስ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሹራቤን። ረዳቱ «እማማ፣ ይቺ ሃይላንድ ውስጥ ያለችው ጎመን ናት?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። እህቴ በረንዳዋ ላይ ጥላ ፈልጋ አስቀመጠችው። በስልክ ስጠይቃት መልሷ አንድ ነበር፤ «እንዳለ ነው።»

እንዳለ ነው። ይቺን ቃል መስማት እንዴት እንደሚከብድ! አራት ወር ሙሉ እንዳለ ነው። የካቲት ላይ ላመጣው ስሄድ አላስቻለኝም፣ ሥሩን ላይ ብዬ ነቀነቅሁት። ከቅርፊቱ መሃል አረንጓዴ ጫፍ ያላት፣ የጤፍ እንጀራ ዓይን የምታክል ቡቃያ ወጥታ ነበር። ቀጨኋት። በገዛ እጄ፣ በችኮላዬ፣ አራት ወር የጠበቅሁትን።

ልጆቼ፣ ለናንተ ለመጻፍ የተነሣሁት እዚህ ላይ ልደርስ ብዬ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ሰነፍ አልነበርኩም፤ ችግሬ ትጋቴ ነበር። የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ከአልጋ አልጋ እዞራለሁ። ትራስ አስተካክላለሁ፣ ብርድ ልብስ እስባለሁ፣ ያመዎታል ወይ እላለሁ። የክፍላችን ኃላፊ አንዲት የመንዝ ሴት ነበሩ፤ አንቱ ካልተባሉ የማይሰሙ። አንድ ሌሊት ክንዴን ይዘው ከወንበር ላይ አስቀመጡኝና «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሊድን ተኝቷል፣ ለምን ትቀሰቅሽዋለሽ?» አሉኝ። ቁጭ ብለሽ ትንፋሹን ቁጠሪ አሉኝ። ቆጠርኩ። ሥራ የፈታሁ መስሎኝ አፈርኩ። ማየት ሥራ እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ኦርኪዱን እስክቀጨው ድረስ በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።

ያቺ ግማሽ ሥር ከጎኗ ሌላ አወጣች፣ መጋቢት ላይ። ከታች ያሉት ሁለት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ወደቁ። አልቆረጥኳቸውም፣ ያላቸውን ለላይኞቹ አስረክበው በራሳቸው ደርቀው ይውደቁ ብዬ። ሰኔ ላይ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። አበባ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ጥቅምት ላይ ሌሊቱ በመጠኑ ሲቀዘቅዝለት ዘንግ አወጣ፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሳምንት ማደር ያነሣሣዋል። ጥር መጨረሻ ላይ አምስት አበባ። ሰባት ይሆን ነበር፣ ሁለቱን እንቡጥ ያረገፍኳቸው እኔ ነኝ። አጠገቡ የሙዝ ሣህን አስቀምጬ ነበር። የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ እንቡጥ ያረግፋል፣ ጭስም እንዲሁ። የዕጣን ማጨሻችሁን ራቅ አድርጉ።

ሁሉም አይድንም። ካቻምና አንድ ሙሽራ ያመጣችልኝ ልቡ በስብሶ ነበር። ሥርም ልብም ከሌለው አትድከሙ፣ ጣሉት።

የቅዳሜዋን ልጅ ኦርኪድ አብረን አጠብነው። አራት ደህና ሥር አገኘንለት፤ ከኔው ይሻላል። ሃይላንድ ቆርጠን ተከልነው። እስከሚቀጥለው ሳምንት አታጠጪው ብዬ ሸኘኋት። ቴሌግራሜን ወስዳ ነበር፣ ይኸው በየማለዳው ፎቶ ትልክልኛለች። ዛሬም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላከች፤ «ሲስተር፣ ቅጠሉ ትንሽ ቀና ያለ አይመስልዎትም? አውጥቼ ሥሩን ልየው?»

መነጽሬን ፈልጌ፣ በአንድ ጣቴ ጻፍኩላት፦ አትንኪው።