ሦስት ቀን ጠፍቶ የሚመለሰው መብራት

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ2003 ኮሮላ አለኝ። መካኒኩ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ሲመልስ የቼክ ኢንጅን መብራት ይጠፋል፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ተመልሶ ይበራል። ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ የከፈሉት ለማጥፊያ እንጂ ለጥገና አይደለም። ገመዱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ኮድ ይረሳል፤ ብልሽቱ ግን ቦታው ላይ ነው። ብዙ ብልሽቶች በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካልታዩ መብራቱን አያበሩም፤ እፎይታዎ ከዚያ የመጣ ነው። አሁን ኮዱ ሳይጠፋ ያስነብቡ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ይዘው ይውጡ። ፒ0171 ከሆነ ለነዳጁ አየር በዝቶበታል ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦና የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ይታዩ። ፒ0420 ከሆነ ካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያ) ለመግዛት አይቸኩሉ፤ የሚያፈስ የጭስ ማውጫ ወይም የደከመ ኦክስጅን ሴንሰርም ያንኑ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ሞተሩን ካሳጠብኩ ወዲህ የጅሬንን አቀበት ስወጣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መኪናውም ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ብልጭ ድርግም የሚለውን ከቋሚው ይለዩት። ሲያዩት እግርዎን ከነዳጁ አንስተው ዳር ይያዙ፤ አንዱ ሲሊንደር አያቃጥልም፣ ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚንም ካታላይዘሩን አግሎ ያበላሸዋል። የክረምት ጭቃችን ላቫጆን ግድ ይላል፤ ነገር ግን በግፊት የሚረጭ ውሃ ካንዴላው (ነዳጁን የሚለኩሰው) ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ኮይሎች ተነቅለው ይድረቁ። ደርቆም ካልተወው፣ ኮዱም ፒ0301 (አንደኛው ሲሊንደር አያቃጥልም) ከሆነ፣ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያቀያይሩና ኮዱን አጥፍተው ይንዱ። ፒ0302 (ሁለተኛው ሲሊንደር) ከመጣ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ ፒ0301 እንደሆነ ከቀረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎም ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር ይጠርጥሩ። ለዚህ አንድ ባለ 10 ቁልፍ ይበቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ አራቱንም ኮይል ቀይሬ፣ ሦስቱ ጤነኞች ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ተኝተዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ልሸጠው ነው። የቼክ ኢንጅኑን አምፖል ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ባስነቅለውስ?

መልስ፦ ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መብራቱ መታየት አለበት። ካልታየ ንቁ ገዢ ወዲያው ይጠረጥራል። እውነቱን ነግረው ዋጋ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1990 ባለ ኢንጀክሽን ቶዮታ አለኝ፤ የኮድ ማንበቢያው መሰኪያ ጠፋኝ።

መልስ፦ አሁን የለመድነውን መሰኪያ አሜሪካ ያስገደደችው ከእ.ኤ.አ. 1996 ሞዴሎች ጀምሮ ነው። በእርስዎ ዘመን ቶዮታዎች ሞተሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ይክፈቱ። ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙና ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ራሱ ይቆጥርልዎታል፤ ሁለት ብልጭታ፣ ፋታ፣ አራት ብልጭታ ኮድ 24 ነው። ሽቦውን ከማስገባትዎ በፊት ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ሌላ ቀዳዳ ካገናኙ ፊውዝ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።