ቆጥረሻል፤ እና?

«ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ልመረቅ ነው። አንድ አሳታሚ ለረዳት አርታኢነት ሲያወዳድር የጽሑፍ ናሙና አምጡ ብሏል። እጄ ላይ ያለው የግጥም ምጣኔ፣ ቤት አመታትና ድግግሞሽ የተነተንኩበት የክፍል ሥራ ብቻ ነው። ይዤው ብሄድ አይስቁብኝም?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አይስቁብሽም። ግን የላክሽልኝን አንብቤዋለሁ፤ እንዳለ አታስገቢው። «የወል ቤት ነው፣ 6 በ6 ነው፣ አንድ ቃል 2 ጊዜ ተደግሟል» ትዪና ትዘጊዋለሽ። (የወል ቤት ማለት እያንዳንዱ ስንኝ 6፣ 6 ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈልበት ምጣኔ ነው፤ ቀለም ማለት በጆሮ የሚሰማው ክፍለ ቃል ነው።) እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ይዤ ቀርቤ፣ ጠያቂው ገለጥ ገለጥ አድርጎ «እሺ፣ እና?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እስኪ ለምሳሌ ያህል አሁን የገጠምኳትን ተመልከቺ፦

ሄደ ሄደ ብለው፣ ነገሩኝ በማታ፤
እኔ ቆሜ ቀርቼ፣ በተለየኝ ቦታ።

ፊደሉን ብትቆጥሪ እያንዳንዱ ሐረግ 7 ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን 6። «ብለው» ላይ ሳድሱ «ብ» ይሰማል፣ ሳድሱ «ው» ይዋጣል። የ«ነገሩኝ» «ኝ» እና የ«ቀርቼ» «ር»ም እንደዚሁ። ይህን ለይተሽ እንደምትሰሚ አሳዪ፤ ፊደል ቆጥሮ የሚሳሳት ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ግቢ። ሁለተኛው «ሄደ» የሚያርፈው 3ኛውና 4ኛው ቀለም ላይ ነው። ከሥሩ፣ በዚያው ስፍራ፣ «ቆሜ» አለ። መሄድና መቆም ይፋጠጣሉ። ድግግሞሹ የወሬ ነጋሪዎቹ ነው፤ ተናጋሪዋ ስለ ራሷ ስታወራ አንድም ቃል አትደግምም። ቤት የሚመቱት «ማታ» እና «ቦታ» ደግሞ ወሬው የደረሰበትን ሰዓትና እሷ ያልለቀቀችውን ስፍራ ያስሯቸዋል።

አሁን አንዱ አራሚ «ትርጉሙ ግልጽ እንዲሆን ‹እኔ ግን ቆሜ ቀርቼ› ይባል» ቢል ምን ትመልሺያለሽ? ሐረጉ 7 ቀለም ይሆናል፣ ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። «ቆሜ» ከ«ሄደ» ሥር ተገፍቶ ይወጣል፣ ፍጥጫው ይጠፋል። ይህችን አንቀጽ ናሙናሽ ውስጥ ጨምሪ። ቀጣሪው የሚፈልገው የትኛው ቃል ቢነካ ምን እንደሚበላሽ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

«የግጥም ተንታኝ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ፤ የለም ማለት ይቀላል። ይህ ጆሮ የሚሠራው በሌላ ስም ነው፦ የልጆች መጽሐፍ ዝግጅት፣ የዘፈን ግጥም፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ ፊልም በአማርኛ ድምፅ ሲቀረጽ ንግግሩን ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ማስማማት። ሲቪሽ ላይም «የትንተና ችሎታ» ብለሽ አትለፊው፤ ምን እንደሠራሽ ጻፊ።

ናሙናውን ወደ 2 ገጽ አውርጂው። ግጥሙን ለብቻው በሌላ ወረቀት አትመሽ ያዢና፣ ስለ ምጣኔው ከመጠየቃቸው በፊት ጮክ ብለሽ ላንብበው በያቸው።