የቲዩብ አምፑ ቤት ይቅር? የጊታር ተጫዋቾች ጥያቄና መልስ

የጥር ሰርግ አልቆ ሁዳዴ ሲገባ ባንዶች ዕቃቸውን መፈተሽ ይጀምራሉ። ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አሮጌ የቲዩብ አምፕን (የጊታርን ድምፅ በመስታወት ቲዩቦች የሚያጎላውን) ትቶ በዲጂታል ፕሮሰሰር (የአምፕንና የኢፌክትን ድምፅ በሚያስመስል ዕቃ) ስለመሥራት ናቸው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በባንድ ጊታር እጫወታለሁ። ያለኝ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው፤ የምጠቀመውም በቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ነው። ለሰርግ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስንወርድ መጫንና ማውረዱ ሰለቸኝ። የጣርማ በርን ቁልቁለት ከወረድን በኋላ ደግሞ አንዳንዴ ይንጫጫል። ወደ ዲጂታል ልዙር? ምን ልግዛ?

መልስ፦ ይዙሩ። ክሊን (ያልተሰበረ) ድምፅና ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት) ለሚጠቀም ሰው ዲጂታሉ የሚያጎድልበት ነገር ጥቂት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው አምፑን ከፍ አድርገው፣ ድምፁ ሊሰበር ጫፍ ላይ ሲደርስ በጣት ጉልበት ለሚጫወቱ ነው። 85 ዋት ያለው ትዊን ደግሞ እዚያ ጫፍ እስኪደርስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው አይቀርም።

የእርስዎ አምፕ ጣጣ 29 ኪሎ ገደማ መመዘኑ ብቻ አይደለም። የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። መቀነሻው ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የአምፑ ትራንስፎርመር ከታሰበለት በላይ ይሞቃል። መቀነሻው ከ500 ዋት ካነሰ እሱም አብሮ ይግላል። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ የአምፑን ጀርባ ከግድግዳና ከመጋረጃ አያስጠጉ።

የሚንጫጫው መንገዱ ቲዩቦቹን ስላላላቸው ይመስላል። አጥፍተው፣ ከሶኬት ነቅለውና እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ ከጀርባ በኩል እያንዳንዱን ቲዩብ ቀጥ አድርገው ወደ ሶኬቱ ይግፉ። ካልተወው አብርተው ትንንሾቹን ቲዩቦች በእርሳስ ጫፍ ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ሲነካ በስፒከሩ የሚጮኸው መቀየር ያለበት ነው። ከዚህ አልፈው ቻሲሱን (የውስጡን የብረት ሳጥን) አይክፈቱ። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ጭምር ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

አሁን ወደ ግዢው። የአምፕ መልክ ያለው ዲጂታል፣ ለምሳሌ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ቶን ማስተር ትዊን ሪቨርብ፣ 15 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቁልፎቹም እርስዎ የለመዷቸው ናቸው። ሁለተኛው መንገድ የወለል ፕሮሰሰር ገዝቶ በቀጥታ ወደ ሚክሰር መግባት ነው፤ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ጊታርዎን የሚሰሙት ሳውንድ የሚይዘው ልጅ በሞኒተር ሲሰጥዎ ብቻ ነው። በሰርግ ድንኳን ውስጥ ሞኒተሩ ለድምፃዊው ከሆነ በኋላ ለጊታር የሚተርፍ የለም። እኛ የምንመርጥልዎ ሦስተኛውን ነው፦ ፕሮሰሰርና የራስዎ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች አክቲቭ (ማጉያው በውስጡ ያለ) ስፒከር። አንዱ መስመር ወደ ሚክሰር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ስፒከርዎ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ግራውን መውጫ ለሚክሰር፣ ቀኙን ለራስዎ ከሰጡ ዕቃው ስቴሪዮ ይሆናል፤ ከግራ ቀኝ የሚመላለስ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም ኢፌክት) ካለበት ሕዝቡ ግማሹን፣ እርስዎ ግማሹን ትሰማላችሁ። ፓቹን (ዕቃው ላይ ያስቀመጡትን የድምፅ ቅንብር) መጨረሻው ላይ ሞኖ ያድርጉት፤ በሁለቱም መውጫ አንድ ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ዕቃው የኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት እግር የማይክ ገመድ) እና የጃክ መውጫ ለየብቻ ካለው ደግሞ ኤክስ ኤል አሩን ለሚክሰር፣ ጃኩን ለስፒከርዎ ይስጡና ትልቁ የድምፅ ቁልፍ የጃኩን ብቻ እንዲያዝ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው ይቀይሩ። ያኔ መድረክ ላይ ለራስዎ ድምፅ ሲጨምሩ ሚክሰሩ ላይ ምንም አይለወጥም። ኤች ኤክስ ስቶምፕን የመሰሉ ትንንሽ ዕቃዎች የኤክስ ኤል አር መውጫ ስለሌላቸው ዲአይ ቦክስ (የጃኩን ድምፅ ለሚክሰር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) ይጨምሩ።

አንድ ነገር ስለ ሰከንድ ሃንድ ዕቃ። የላይን 6 ፖድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ እስከ ዛሬም በእጅ ይሸጣል። ዲጂታል ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል የሚባለው በዚያ ትውልድ ዕቃ ነው። ሲገዙ አይ አር፣ ማለትም ከእውነተኛ የስፒከር ሳጥን የተቀዳ የድምፅ ፋይል፣ መጫን የሚችል መሆኑን ይጠይቁ። ካልቻለ ዋጋው ቢረክስም ይለፉት።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰር ገዛሁ። ቤቴ በሄድፎን ስሰማው ግሩም ነው፤ ድንኳን ውስጥ ግን ላዩ እንደ ንብ ይጮሃል፣ ታቹ ይደፈርሳል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ዕቃው ደህና ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያወጣም ማለት ይቻላል፤ የሰርግ ስፒከር ግን ትዊተር ስላለው ሁሉንም ያወጣዋል። ንቡ ያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈትሹት የካቢኔት ሲሙሌሽኑን (የጊታር ስፒከር ሳጥንን ድምፅ የሚያስመስለውን) ነው። ወደ ሚክሰር ወይም ወደ አክቲቭ ስፒከር ሲገቡ ሲሙሌሽኑ በርቶ መገኘት አለበት። በጊታር አምፕ ፊት ሲገቡ ግን ይጥፋ፤ አለዚያ ካቢኔት በካቢኔት ላይ ተደርቦ በብርድ ልብስ የታፈነ ድምፅ ይሰማሉ።

ካቢኔቱ በርቶም ከጮኸ በዚያው ብሎክ ውስጥ ሎው ከቱን (ወፍራሙን የሚቆርጠውን) ከ80 እስከ 100 ኸርዝ፣ ሃይ ከቱን (ቀጭኑን የሚቆርጠውን) ከ5,000 እስከ 6,000 ኸርዝ መሃል ያድርጉ። ታቹ የሚደፈርሰው ጊታርዎ ከቤዙና ከኪቦርዱ ግራ እጅ ጋር ስለሚጋጭ ነው፤ ለብቻው ሲሰማ የሳሳ የሚመስለው ጊታር ባንድ ውስጥ ቦታውን ያገኛል።

ዋናው ምክንያት ግን ጆሮ ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ጫፍ አሳንሶ ይሰማል። በሄድፎን ሲያዘጋጁ ሳይታወቅዎ ቤዝና ትሬብል ይጨምራሉ፤ ድንኳን ውስጥ ድምፁ ከፍ ሲል የጨመሩት ሁሉ ተባዝቶ ይመጣል። መፍትሔው ፓቹን በመድረክ ድምፅ ማዘጋጀት ነው። ከጎረቤት ርቀው አክቲቭ ስፒከሩን ደረትዎ እስኪሰማው ይክፈቱት፤ በስልክ መለኪያ አፕ 90 ዴሲቤል ገደማ ይበቃል። ጌይኑን (ድምፁን የሚሰብረውን) ቤት ከለመዱት በግማሽ ይቀንሱ። ሪቨርቡንም ይቀንሱ፤ አዳራሽ የራሱን ያመጣል። ለሶሎ የሚሆነውን ፓች ከሌላው 3 ዴሲቤል ያህል ከፍ አድርገው ይተዉት። ሳውንድ ቼክ ላይ ለሚክሰሩ መጀመሪያ የሚሰጡት ይህንኑ ከፍተኛውን ፓች ነው፤ በክሊን ተለክቶ የተከፈተ ቻናል ሶሎ ላይ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ እዚህ መሐል ሜዳ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ኦርጋኑ ወዲያው ይቀጥላል፣ የእኔ ፕሮሰሰር ግን እንደ ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ይነሳል። በጀነሬተርም እንሠራለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮምፒውተር ስለሆነ ነው። እንደ ዓይነቱ ከ10 ሰከንድ እስከ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሙሽሮች እየገቡ ይህ ረጅም ነው። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥል) ይግዙና ፕሮሰሰሩን ብቻ ይሰኩበት። ኤች ኤክስ ስቶምፕ ለምሳሌ 9 ቮልት በ3 አምፒር ነው፤ ቢበዛ 27 ዋት፤ ለዩፒኤስ ምንም ማለት አይደለም። ስፒከሩን አብረው አይሰኩ። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው መብራት ንጹሕ ስላልሆነ ስፒከሩ ውስጥ ጉምጉምታ ያመጣል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ጀነሬተሩን ምንም ሳይሰኩ ያስነሱና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። በመልቲሜትር ከ200 እስከ 240 ቮልት ውስጥ ሲረጋ ይሰኩ። ዩፒኤሱ በጀነሬተር ላይ እየተንጣጣ ወደ ባትሪ ከሄደ የጀነሬተሩን ኸርዝ አልወደደውም ማለት ነው፤ ዝም ብለው ከተዉት ባትሪው ሲያልቅ ፕሮሰሰሩ ይጠፋል። ስለዚህ ጀነሬተሩ እንዲስተካከል ይንገሩ። መብራት ሲመለስም ከጀነሬተሩ ወደ መብራቱ ከመቀየሩ በፊት ስፒከሮች ይጥፉ።

አዳፕተሩን በተመለከተ፣ ከገበያ የተገኘ 9 ቮልት ሁሉ አንድ አይደለም። አምፒሩ ካነሰ ዕቃው እየበራ ይጠፋል፤ ፕላሱና ማይነሱ ከተገለበጠ ደግሞ እስከ ወዲያኛው ሊያጠፋው ይችላል። የዕቃውን ጀርባና የአዳፕተሩን ጽሑፍ አስተያይተው፣ ትርፍ አንድ ይያዙ። የሶፍትዌር አፕዴት ለሁዳዴ ይተዉት፤ ያውም ዩፒኤስ ላይ ሆነው። አፕዴት መሃል መብራት ከሄደ ዕቃው ደርቆ ሊቀር ይችላል፤ ይህ በሰርግ ሳምንት ከሆነ ደግሞ ጊታሪስቱ አጨብጫቢ ሆነ ማለት ነው። ፓቾችዎን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ያስቀምጡ።

በጥር ውርጭ ሲያድር መኪና ውስጥ የነበረ ዕቃ ሰው ወደሞላበት ሞቃት ድንኳን ሲገባ ላብ ያወጣል። ከቦርሳው ሳያወጡ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያ ያብሩት። ጊታሩም እስኪሞቅ አይቃኝ፤ ዞሮ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ቺክቺካ ስንጫወት የፕሮሰሰሩ ዲሌይ ከከበሮው ጋር ይጣላል። ታፕ እያደረግሁም (ቁልፉን በምቱ ልክ በእግሬ እየመታሁም) አልገጠመም። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ የሚጣላው ፋብሪካው የሞላው ፓች ለአራት ምት ዘፈን ስለተሠራ ነው። ቺክቺካ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል። ምቱ በደቂቃ 120 ነው እንበል፤ 60,000ን ለ120 ሲያካፍሉ 500 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ሲሶው 167፣ ሁለት ሲሶው 333 ነው። ዲሌዩ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከዋለ ከከበሮው ጋር ይሄዳል። ብዙ ፓች ላይ የሚገኘው ባለ ነጥብ ስምንተኛ (የምቱ ሦስት አራተኛ) ግን 375 ላይ ይወድቃል፤ ከ333 ዘግይቶ፣ 500ው ሳይደርስ መሃል ላይ ይንጠለጠላል።

በእግርዎ ታፕ የሚያደርጉት ትልቁን ምት ብቻ ይሁን፤ የዲሌዩን ኖታ ግን ከሜኑው ወደ ስምንተኛ ትሪፕሌት ለ167ቱ፣ ወይም ወደ ሩብ ትሪፕሌት ለ333ቱ ይቀይሩ። ድግግሞሹ ከሁለት አይብለጥ፣ ሚክሱም ከ20 እስከ 25 በመቶ ይበቃል። ቴምፖውን ለእያንዳንዱ ፓች ሳይሆን ለዕቃው ሁሉ አንድ ያድርጉት፤ አለዚያ ለሶሎ ፓች ሲቀይሩ ዲሌዩ ወደ ድሮው ፍጥነት ይመለሳል። ለትዝታ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ረዘም ያለ ዲሌይ በስሱ ከሰጡት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከሚክሰሩ ጋር ስገናኝ ኡኡ የሚል ጉምጉምታ ይመጣል። አንድ ወዳጄ የፕላጉን የኧርዝ እግር ቁረጠው አለኝ። (ከአንኮበር)

መልስ፦ አይቁረጡ፤ ማይክ ላይ ከንፈር ሲያርፍ ኤሌክትሪክ የሚይዘው እንዲህ ሲደረግ ነው። ጉምጉምታው የሚመጣው የእርስዎ ስፒከርና ሚክሰሩ በተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ነው። ከአንድ ማከፋፈያ ለመሰካት ይሞክሩ፤ ካልሆነ በዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ገመዱን ግራውንድ የሚለያየውን ቁልፍ) ይጫኑ። እግረ መንገድዎን በእርስዎ ቻናል ላይ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ሚክሰሩ በገመዱ ለማይክ የሚልከው ኃይል) እንዳይበራ ያስነግሩ፤ ወደ አንዳንድ ዕቃ መውጫ ተመልሶ ገብቶ ይጎዳል። ትራንስፎርመር ያለው ፓሲቭ ዲአይ ካለዎ ያግደዋል።

ጥያቄ፦ ከቀየርኩ በኋላ አሮጌውን ትዊን ልሽጠው? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ አንድ የሰርግ ወቅት በዲጂታሉ ሙሉ እስኪሠሩ አይሽጡት። ፕሮሰሰሩን በትዊኑ መሞከር ከፈለጉ አሮጌው ትዊን ኢፌክት ሉፕ (ከጀርባ ኢፌክት ማስገቢያ) ስለሌለው በፊት ግብአቱ ይገባሉ፤ ያኔ የአምፕና የካቢኔት ሲሙሌሽን ሁለቱም ይጥፉ፣ ዲሌይና ኮረስ ብቻ ይቅሩ። ለማስቀመጥ ደረቅ ክፍል ይምረጡ፤ የክረምት ጭጋግ የሚገባበት ቤት የስፒከሩን ወረቀት ያሻግታል። ክፍት ጀርባውን በጨርቅ ይሸፍኑት፣ አይጥ ጎጆ ትሠራበታለችና። በወር አንዴ ጨርቁን አንስተው ግማሽ ሰዓት ያብሩት። ሲያበሩት ስፒከሩ መሰካቱን ይመልከቱ፤ የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ከተጫወቱበት የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።