ጥያቄና መልስ፦ ለአዳማ አዲስ ጫኞች

ሰሞኑን ከአዳማ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአንድ ሥራ የመጡ ናቸው። የጻፉልኝ በዕቃ አድራሽ ድርጅቶች መጋዘን ፓኬጅ መጫን የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። የሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርቧ ነው፤ ካርቶን የሚያነሳ ሰው ሁሌም ይፈለጋል። የሚያሳዝነኝ አዲስ ገቢን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምር መጥፋቱ ነው። «ያንን ጫን» ይባላል፣ በቃ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ወገቤም ትከሻዬም ያመኛል። ለዚህ ሥራ አልሆንም ማለት ነው? (ከፍራንኮ)

አይደለም ወንድሜ። ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራበት ሕመሙ የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ እየለቀቀ ይሄዳል። ሰውነትህ እስኪለምድ ጥቂት ሳምንታት ስጠው። ማታ ስልክህን አስቀምጠህ በጊዜ ተኛ።

ዝም የማይባል ሕመም ግን አለ። ከወገብህ ተነስቶ እግርህን ይዞ የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም እግርህን የሚያዝል ከሆነ ሐኪም ይይህ። ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ወይም ጭንህ መሃል ከደነዘዘ ደግሞ ለነገ አትበል፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂድ።

አነሳሱን አሁኑኑ አስተካክል። መጀመሪያ ካርቶኑን በእግርህ ገፋ አድርገህ ክብደቱን እወቅ። እግሮችህን ከፈት፣ ጉልበትህን እጥፍ አድርግ፤ ዕቃውን ወደ ሆድህ አስጠጋ። ከያዝክ በኋላ ወገብህን አትጠምዝዝ፣ በእግርህ ዙር። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም አንድ ሰው እንዲያነሳ የሚመክረው ትልቁ ክብደት 23 ኪሎ ገደማ ነው። እሱም ዕቃው ከሰውነት ተጠግቶ፣ ወገብ አካባቢ ሆኖ፣ ጥሩ መያዣ ሲኖረው ነው። ከመሬት ሲነሳ ወይም ከራስ በላይ ሲሰቀል ልኩ ይቀንሳል። ስለዚህ 50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚያክል ዕቃ ለሁለት ይያዛል፣ ወይም በጋሪ ይሄዳል። «ና እስቲ አግዘኝ» ማለት አያሳፍርም።

የጫንኩት አይሱዙ መንገድ ላይ ዕቃው ተደረመሰ። «ሴት ስለሆነች ነው» አሉኝ። እኔ ግን ፈጥኜ ልጨርስ ብዬ ነው። እንዴት ላሻሽል? (ከቦኩ ሸነን)

እህቴ፣ ዕቃ የሚደረመሰው ድርድሩ ሲበላሽ ነው፤ ወንድ ጫነው ሴት ጫነችው አይልም። የሰውን ወሬ ተይውና ድርድሩን እንይ።

መጀመሪያ ሾፌሩን ጠይቂው፦ የት የት ነው የምታራግፈው? መኪናው ወደ አሰላ ይሄዳል እንበል። በመንገዱ ደራ፣ ከዚያ ኢተያ፣ ከዚያ አሰላ ይደርሳል። ስለዚህ የአሰላው ዕቃ ወደ ውስጥ፣ የኢተያው መሃል፣ የደራው በሩ ጋ ይሆናል። ይህ ከተገላበጠ ሾፌሩ ደራ ላይ ግማሹን ጭነት አውርዶ መልሶ ይጭናል። ያኔ ነው ዕቃ የሚሰበረው።

ቀጥሎ ከወለል እስከ ላይ አንድ ግድግዳ ጨርሰሽ ወደ ሁለተኛው እለፊ። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ክብደቱ በአንድ ጎን እንዳይበዛ ግራና ቀኙን አመጣጥኚ። ካርቶኖቹን ልክ እንደ ብሎኬት አጣጥሚያቸው፤ የላይኛው የታችኞቹን ሁለት መጋጠሚያ ይርገጥ። አንዱን በአንዱ አናት ላይ ቀጥ አድርገሽ ብቻ ከሰቀልሽው መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ ይወድቃል። ክፍተት ካለ በላስቲክ የታሸገ ልብስን በመሰለ ለስላሳ ዕቃ ሙዪው። ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች፣ ብርጭቆ ወይም ጃንጥላ የተሳለበትን ካርቶን ለይተሽ አስቀምጪ። ቀስት ያለበት አይገለበጥም፣ ብርጭቆው ተሰባሪ ነው፣ ጃንጥላው ውሃ አይንካኝ ይላል።

ፍጥነቱ ከዚህ ይመጣል። አንድን ካርቶን ሁለት ጊዜ የማይነካ ሰው ሳይሮጥ ይቀድማል። ደግሞ ሲደርስሽ የተቀደደ ወይም የሚያፈስ ካለ ሳትጭኚው ለሱፐርቫይዘሩ አሳዪው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። አለበለዚያ ጥፋቱ ባንቺ ይለጠፋል።

በጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። መጋዘናችን ቆርቆሮ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ዓይኔ ይጨልማል። ጓደኞቼ ጾሙን ተው ይሉኛል። (ከወንጂ)

ጾምህን ተው አልልህም። ግን የዓይን መጨለሙን አትናቀው፤ ሰውነትህ ውሃ እንዳጠረው እየነገረህ ነው። ከቻልክ የጠዋት ፈረቃ ጠይቅ፣ ከባዱን ዕቃ ፀሐይ ሳትከር ጨርስ። የመኪናው ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ ከመጋዘኑም ይብሳል፤ እኩለ ቀን ላይ ከጓደኛህ ጋር ተቀያየርና አንተ ስካን አድርግ። ጾምህን ከፈታህ በኋላ ውሃውን እስክትተኛ ድረስ እያከፋፈልክ ጠጣ እንጂ ባንዴ አትገልብጠው። በረመዳን ለሚጾሙ ባልደረቦችህም ምክሩ ያው ነው። ለንስሐ አባትህም ሥራህን በዝርዝር ንገራቸው።

ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ ከመጣ ሥራውን አቁም፣ ጥላ ሥር ተቀመጥ። ያኔ ውሃ መድኃኒትህ ነው፣ ጠጣ። የሚቀባጥር ወይም ራሱን የሳተ ባልደረባ ካየህ በቀዝቃዛ ውሃ እያራስከው ቶሎ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ አድርግ። የማይጾም ሰው ደግሞ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይጠጣ፤ እስኪጠማው አይጠብቅ።

«ገና ሙከራ ላይ ነህ» እያሉ የትርፍ ሰዓት አይከፍሉኝም። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እንሠራለን።

ሙከራ ላይ መሆንህ ክፍያህን አያስቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በዚያ ጊዜም መብትህ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። የሰዓት ደመወዝህ 40 ብር ቢሆን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ትርፍ ሰዓት 70 ብር ይሆናል ማለት ነው።

የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፍ። እውነቱን ልንገርህ፣ በሙከራ ጊዜ አሠሪ አልተስማማኝም ብሎ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ ብቻህን አትጋፈጥ። ከባልደረቦችህ ጋር ሆናችሁ መጀመሪያ ሰው ሀብት ክፍልን ጠይቁ። እምቢ ካሉ የከተማው ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ክረምቱን መጋዘን ገብቼ ልጫን ይላል። ልፍቀድለት?

እናቴ፣ አይፍቀዱለት። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች ከሚያስቀራቸው ሥራዎች አንዱ በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መሳብና መግፋት ነው። አጥንቱ ገና አልጠናም። ሌላ ቀላል ሥራ ቢያገኝ እንኳ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ትርፍ ሰዓት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሊያሠሩት አይችሉም። ለማገዝ ማሰቡን ግን ያመስግኑለት።

ጓንትና ጫማ በራሴ ብር ልግዛ?

መከላከያ ማቅረብ የአሠሪህ ግዴታ ነው፤ ዛሬውኑ ጠይቅ። እስኪሰጡህ ድረስ ግን በሸበጥ አትግባ፤ ጣቶችህን የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ አድርግ። ጓንት ሲሰጡህ መዳፉ ላይ ጎማ የተቀባውን ምረጥ፤ የክሩ ካርቶን ያንሸራትታል።