የቡቺ ጆሮ ይሸታል፤ ጠብታ ልጨምርበት?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የግቢ ውሻችን ቡቺ ከሳምንት ወዲህ ራሱን ያራግፋል፤ ግራ ጆሮውን በኋላ እግሩ ይቧጥጣል፤ ስጠጋው ይሸታል። ሙቀት ሲበረታ ልጆቹ ቦርከና ወንዝ ወስደው ያጥቡታል። ጎረቤቴ «ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀሽ አንጠብጥቢበት» አለችኝ። ለልጄ ታዞ የተረፈ የጆሮ ጠብታም ቤት ውስጥ አለ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉአቸው። የውሻ ጆሮ ቱቦ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የገባበት ውኃ በቀላሉ አይወጣም። እርጥበት በቆየበት ፈንገስና ባክቴሪያ ይራባሉ። ስለዚህ ቦርከናን እጠረጥራለሁ። ሆኖም የታመመው አንዱ ጆሮ ብቻ ስለሆነ መዥገር ወይም የሣር ፍሬ ገብቶበትም ሊሆን ይችላል።

ብርሃን ባለበት ቦታ አንድ ሰው ይያዝልዎትና ደህናውን ጆሮ በቅድሚያ ገልጠው ያሽትቱ፤ ቀጥሎ የታመመውን። ልዩነቱን አፍንጫዎ ይነግርዎታል። የከረመ ሊጥ የሚሸት ቡናማና ቅባታም ቆሻሻ ብዙ ጊዜ የፈንገስ ነው፤ ቢጫ መግል የባክቴሪያ፤ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ደግሞ የደቃቅ የጆሮ ተባዮች። ይህ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ እኔም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሳላይ መድኃኒት ማዘዝ አልወድም።

የልጅዎን ጠብታ የከለከልኩት የቡቺ የጆሮ ታምቡር ተቀዶ እንደሆነ ስለማናውቅ ነው። ከተቀደደ አንዳንድ መድኃኒቶች ወደ ውስጥ ዘልቀው መስማት ሊያሳጡት ይችላሉ። ነጭ ሽንኩርቱ የተላጠ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለወጥዎ ያስቀምጡት። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨትም ቆሻሻውን ወደ ታች ይገፋዋል።

ሳምንት ስለሞላው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ከተወራጨ ወይም የጆሮው ቅጠል እንደ ትራስ ካበጠ ግን ዛሬውኑ ይሂዱ። ክሊኒኩ የላምና የበግ ነው ብለው አይቅሩ፤ ላም ከተሰለፈችበት ውሻ ይዞ መቆም አያሳፍርም።

ሕመም ያለበት ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና ልጆቹ ጆሮውን አይንኩ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተከተበም ለጆሮው ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወስዱት ይጠይቁ። ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ጆሮውን አያጽዱት፤ ቆሻሻው ለምርመራ ይፈለጋል።